ሞረድ የነከሰው ቢላዋ

ቀናተኛ ናት ይሉኛል። ነኝ! ምን ይጠበስ? የማይቀና ሰው ካለ ወይ የሚወደው የለውም፣ ወይ የሚወደውን የሚነጥቀው የለም። እኔ ሁለቱም አሉኝ።

የምወደው ዲልሙሮድ ይባላል። አባቴ ኡስታ ኤርጋሽ፣ ኡስታ ማለት የሙያው ጌታ ነው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ቢላዋ መቀጥቀጥ ያስተማሩት፣ ትከሻው ሰፊ፣ አንደበቱ ቁጥብ፣ ሲያፍር ጆሮው የሚቀላ ልጅ ነው። ልትነጥቀኝ የመጣችው ደግሞ ካሞላ ትባላለች። ታሽኬንት ትልቅ ምግብ ቤት አላት፤ በነጭ መኪና ነው የምትመጣው። ጥፍሯን ቀለም ትቀባለች፣ ስትስቅ አንገቷን ወደ ኋላ ትጥላለች። አንገቷ ያምራል። ምን ላድርገው፣ ያምራል!

በከተማችን በቹስት የእኛ ቤት የታወቀ ነው። ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረ የቢላዋ ቤት ነው፤ ወንድ ልጅ ሳይወልዱ የቀሩት አባቴ ብቻ ናቸው። እኔ እሳት አልነካም፤ የእጀታውን ጌጥ ነው የምሠራው። ነሐስና ዛጎል እየቆረጥኩ አበባ አድርጌ እለብጣለሁ። የዲልሙሮድ አባት ግን አውራ ጎዳናው ዳር ሐብሐብ ይሸጣሉ። ደግ ሰው ናቸው፤ ቢሆንም የኡስታ ልጅ ለሐብሐብ ሻጭ ልጅ ተሰጠች ሲባል የሰማ የቹስት ሰው ሻዩ ትን ይለዋል። የራሱን እሳት ያላነደደ ወንድ የኡስታ ልጅ አይጠይቅም። ዲልሙሮድም ይህን ያውቃል። አንድ ቀን ጅረቱ ዳር ቆመን «መጀመሪያ የራሴ እሳት ይንደድ፤ በማግስቱ እናቴን ዳቦ አስይዤ ደጃችሁ እልካለሁ» ብሎኛል።

ይህን ብሎ ዝም አላለም። የአያቱን የላም በረት ጠረገ፣ ፍጉን በአካፋ እየዛቀ አወጣ፣ ግድግዳውን ኖራ ቀባ። ወፍራም የዛፍ ግንድ ወገቡ ድረስ መሬት ውስጥ ቀብሮ መስፉን አናቱ ላይ ተከለ። ምድጃውን በጡብና በጭቃ ሠራ፣ በወናፍ ፋንታ የአሮጌ መኪና ማራገቢያ ገጠመለት። ከወፍራም ቱቦ ቆርጦ የዘይት ገንዳ በየደ፤ የጋለው ቢላዋ የሚነከረው እዚያ ውስጥ ነው። መስኮቱን በጥቁር ጨርቅ ጋረደ፤ የጋለ ብረት ቀለሙ በብርሃን አይነበብማ። ጨርቁን የሰፋሁት እኔ ነኝ። በእነዚህ እጆቼ፣ በድርብ ክር!

እንግዲህ ያን ቀን የለበጥኳቸውን እጀታዎች በመሐረብ ጠቅልዬ ወደዚያ በረት ሄድኩ። ነጯ መኪና ጅረቱ ዳር ቆማለች። በሩ ዝግ ነው። ጆሮዬን ለጠፍኩ። ደግ አይደለም፤ ግን ለጠፍኩ።

«ቀስ… ቀስ። አሁን አትንኪው፣ ቀለሙን ብቻ እዪ» ይላል የእኔ ቁጥብ።

«ውይ እንዴት ያምራል!» ትላለች እሷ።

«ገና ነው። ትንሽ ታገሺ… አሁን!»

ዘይቱ ቸሰሰ። ሴትዮዋ ሳቀች። እኔ በሩን በረገድኩት።

«በሩን ዝጊ!» ብሎ ጮኸ ዲልሙሮድ፣ ማን እንደገባ እንኳ ዞሮ ሳያይ። በሩን ዝጊ አለኝ። እኔን!

ካሞላ የእሱን የቆዳ ሽርጥ አጥልቃለች። ጉጠቱን ይዛለች፤ እሱ ከኋላዋ ቆሞ የጉጠቱን ጫፍ ደግፎላታል። እጁ እጇን ነክቶ ይሁን አይሁን በጨለማው አልታየኝም፤ ያልታየኝን ነገር ግን እስከ ዛሬ አየዋለሁ።

«አንቺ ሳኖባር ነሽ አይደል የኔ ቆንጆ?» አለችኝ። «ዲሊ ስላንቺ ነግሮኛል። እጀታዎችሽን አይቼ ነው ለማድቤቴ በሙሉ ቢላዋ ያዘዝኩት።»

«ዲሊ ማነው?»

«እሱ ነዋ!»

«እኛ ሰፈር ዲሊ የድመት ስም ነው» አልኳት።

ዲልሙሮድ ጆሮው ቀላ። «ሳኖባር፣ ደንበኛ ናት። ሲነከር ማየት እፈልጋለሁ ስላለች ነው።»

«ደንበኛ ሽርጥ ያጠልቃል እንዴ?»

«ልብሷ እንዳይቃጠል ብዬ…»

«ይቃጠላ!»

ካሞላ የተነከረውን ቢላዋ ልትቀበለው እጇን ዘረጋች። «ቀስ በይ» አላት፤ «በስሱ እሳት መልሶ ሳይረግብ ከወደቀ እንደ መስታወት ነው የሚሰበረው።» እንዲህ ባለ ድምፅ እኔን አናግሮኝ አያውቅም። ወይም አናግሮኛል፤ ያን ጊዜ ግን አንድም ቀን ትዝ አላለኝም። እጀታዎቹን መስፉ ላይ ዘርግፌ ወጣሁ።

ጅረቱ ዳር ሮጦ ደረሰብኝ። እጁ ጥላሸት ስለሆነ ሊይዘኝ አልደፈረም፤ መንገዱን ብቻ በደረቱ ዘጋብኝ።

«ምን አጠፋሁ?»

«ሥራ ጨለማ ይፈልጋል እንዴ?»

«ብረት በብርሃን እንደማይታይ አንቺ ታጪዋለሽ?»

«አላጣውም። መጋረጃውን የሰፋሁልህ እኔ አይደለሁ?»

«ታሽኬንት መጥተህ ሥራ፣ ቤቱን እኔ አዘጋጃለሁ አለችኝ» አለ፣ መሬት መሬት እያየ። «እምቢ ነው ያልኳት። አንድ ቀን ልነግርሽ ያሰብኩት…»

«ሂድ! ታሽኬንት ሂድ! ድመቷም ዲሊ ትባል!» አልኩና ትቼው ሄድኩ። እንደዚህ ያለ ሞኝ ነገር የተናገርኩት እያለቀስኩ ስለነበር ነው። መንገዱን ሙሉ የሴትዮዋ ሽቶ ከአፍንጫዬ አልወጣ አለ።

*

ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ደጃችን መጣ። ሁለቱንም ጊዜ እናቴን «የለችም በዪው» አልኳት። በመጋረጃ ጥግ ሲመለስ አየዋለሁ፤ ትከሻው ሲወድቅ እያየሁ «እሰይ!» እላለሁ፤ ወዲያው ደግሞ ተመልሶ በመጣ ብዬ እጸልያለሁ። ሦስተኛ አልመጣም። ካሞላ ከለከለችው ብዬ ደመደምኩ።

ሰኞ ዕለት ጎረቤታችን አክስቴ ሆልቢቢ መጡ። ወሬ ካለ ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ ነው የሚገቡት።

«ሰምተሻል ልጄ? ሐሙስ ለዲልሙሮድ ፋቲሃ ነው!»

«የምን ፋቲሃ?»

«እኔ ምን አውቄ! ፋቲሃ ነው፣ በግ ገዝተናል አሉኝ እናቱ። ደግሞ ያቺ የታሽኬንቷ ባለ መኪና አብራ ትመጣለች። አቤት አረማመዷ! ተረከዟ መሬት አይነካም።»

የቹስት ልጃገረድ ፋቲሃ ሲባል የሚገባት አንድ ነገር ነው። ሽማግሌ ተቀምጦ፣ እጅ ተዘርግቶ፣ ዱዓ ተደርጎ፣ እገሊት ለእገሌ ታጨች ማለት ነው። በግ ተገዛ፤ ሴትዮዋ ትመጣለች፤ ሌላ ምን ቀረ? ነገሩን አጣርቼ እንድጠይቅ የሚያደርግ አንድም የቀዘቀዘ ደም በሰውነቴ ውስጥ አልነበረም።

ማታ አባቴ ሻያቸውን እየጠጡ «ሳኖባር፣ ነጩን መቀነት ተኩሺልኝ። አዲሱን ካባም ከሳጥኑ አውጪ። ሐሙስ ለዲልሙሮድ ነው» አሉኝ።

ነጭ መቀነትና ካባ! ሙሽራ የሚታጠቀውና የሚደርበው!

«እርስዎ ራስዎ ነዎት የሚያስታጥቁት፣ አባባ?»

«እኔ ካላስታጠቅኩት ማን ሊያስታጥቀው ነው? እንደ ልጄ አይደል?»

እንደ ልጄ አሉት! ለዚያ «ልጃቸው» ስል ስንት ሽማግሌ የመለስኩ እኔ፣ የሠርግ መቀነቱን ልተኩስ ተቀመጥኩ። ጫፉን ትንሽ አቃጠልኩት። ሳላስበው ነው? ሳላስበው ነው አላልኩም።

ያኔ ነው እልህ የያዘኝ። ከናማንጋን እትዬ ማስቱራ የሚባሉ የሐር ጨርቅ ነጋዴ እመቤት ለልጃቸው ሊጠይቁኝ ሲመላለሱ ከርመዋል። ልጃቸውን አንዴ አይቼዋለሁ፤ ክፉ አይደለም፤ ሻይ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ስለ መኪናው ጎማ አወራልኝ። ይህን ለዲልሙሮድ ነግሬው አብረን ስቀንበት ነበር። አባቴ መልሱን ለእኔ ትተውት ነበር። ተነሥቼ ማድቤት ገባሁና እናቴን «እነ እትዬ ማስቱራ ሐሙስ ይምጡ በያቸው። ዳቦው ይቆረስ» አልኳት።

«ልጄ፣ አስበሽበታል?»

«አስቤበታለሁ።»

«ዳቦ ከተቆረሰ በኋላ እኮ ቀልድ የለም!»

«ይቆረስ አልኩ እማዬ!»

እውነቷን ነው፤ በእኛ አገር በሁለት ቤተሰብ መሐል ዳቦ ከተቆረሰ አለቀ። የተቆረሰ ዳቦ መልሶ የገጠመ ሰው የለም። ግን ሐሙስ መሆን ነበረበት። እሱ ሲታጭ እኔም ልታጭ፣ እሱ ሲስቅ እኔም ልስቅ። ሌሊቱን ትራሴን ስነክስ አደርኩ፤ ሳቅ ይሉታል ይሄን።

*

ሐሙስ እነ እትዬ ማስቱራ ገና በጠዋቱ ከተፍ አሉ። አባቴ መልሱን ለእኔ ትተው፣ ካባውን ይዘው ወደ ዲልሙሮድ በረት ሄደዋል። እናቴ ማዕዱን ዘረጋች፤ መሐል ላይ ሁለት ትልልቅ ዳቦ በጥልፍ ጨርቅ ተሸፍኖ ተቀመጠ። እኔ ሻይ ስቀዳ ከስኒው አልፎ ማዕዱ ላይ ፈሰሰ። እትዬ ማስቱራ አይተው «ሙሽሪት እንዲህ ስትሆን ያምርባታል» አሉ። ደግ ሴት ናቸው፤ የባሰ አሳዘኑኝ።

እናቴ ድንገት «ወይ ጉዴ! አባትሽ መቀነቱን ረስተውት ሄዱ!» አለች።

ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሎ አየሁት። ብድግ አልኩ። «አደርስላቸዋለሁ።»

«አንቺ? እንግዶችሽን ጥለሽ?»

«ዳቦው ሳይቆረስ እመለሳለሁ!»

መቀነቱን እያውለበለብኩ ጅረቱን ተሻገርኩ። ሐሳቤ አንድ ነው። ሙሽሪት ፊት መቀነቱን ወርውሬለት፣ እኔም እንደማገባ ነግሬው፣ አንገቴን ወደ ኋላ ጥዬ ስቄ መመለስ ነው። እንደ ካሞላ። ግቢው ውስጥ ወንዶች ፕሎቭ የሚሉት ሩዝ በሥጋ የሚበስልበትን ድስት ከበው ያማስላሉ። የሚዘፍኑ ሴቶች የሉም፣ የጥሎሽ ሳጥን የለም፣ ሙሽሪት የምትቀመጥበት መጋረጃ የለም። ይህን ሁሉ አይቻለሁ። ቀናተኛ ግን ያየውን አያይም፤ ያሰበውን ነው የሚያየው። በሩን በረገድኩት።

«መቀነትህን ይዤልህ መጣሁ፣ ሙሽራው!»

ውስጡ ጨለማ ነው። አዛውንት ኡስታዎች በግድግዳው ሥር ተደርድረው ተቀምጠዋል። አባቴ ገንዳው አጠገብ ቆመዋል። ካሞላ ጥግ ይዛ ስልኳን ቀስራ ትቀርጻለች። ዲልሙሮድ ደግሞ እንደ በሰለ ቼሪ የቀላ ቢላዋ ከምድጃው መዝዞ ወደ ዘይቱ ሊሰድ ነው። ድምፄን ሰምቶ ዞረ። አየኝ።

ያ አስተያየት ምን ያህል ጊዜ እንደቆየ አልነግራችሁም፤ እኔ ዕድሜ ነው የመሰለኝ። በዓይኑ ውስጥ ሙሽራ አልነበረም። ተርቦ የዋለ ሰው ምግብ ሲያይ እንዲያ ነው የሚያየው። ከዚያ «ዘይቱ!» ብለው አባቴ ሲጮኹ ባንኖ ቢላዋውን ነከረው። ዘይቱ እንደዚያ ቀን አልቸሰሰም፤ ትንሽ ብቻ እፍ አለ።

አባቴ ቢላዋውን ጠራረጉና ሞረዳቸውን አሳረፉበት። በደንብ የጠነከረ ብረት ሞረድ አይዘውም፤ ያንሸራትተዋል። ይሄኛውን ሞረዱ ነከሰው። ክርርር የሚል ድምፅ ተሰማና የብረት ዱቄት አባቴ ጫማ ላይ ረገፈ።

«ለስልሷል» አሉ አባቴ። «ብረቱ በአየር ላይ ቀዝቅዞ ነው የገባው።»

ከተቀመጡት አንዱ፣ ጥርስ የሌላቸው አዛውንት፣ ወደ እኔ አንጋጠው «ልጄ፣ ሙሽራ ያልሽው ማንን ነው?» አሉኝ።

«እሱን ነዋ! ፋቲሃው አይደል ዛሬ?»

አዛውንቱ ጉልበታቸውን መቱ። «ኧረ ጉድ! ልጅቷ የጋብቻ ፋቲሃ መስሏት ነው! ፋቲሃ ሙያ ላጠናቀቀ ልጅም አለው እኮ! ዛሬ አባትሽ መርቀው፣ ወገቡን አስታጥቀው፣ በራስህ እሳት ሥራ የሚሉት ቀን ነው!»

በረቱ በሳቅ ተናወጠ። ፊቴ ከምድጃው ባሰ። የኡስታ ልጅ ሆኜ የኡስታን ፋቲሃ ረሳሁት! አባቴ ለሰው ፋቲሃ የሰጡት እኔ ነፍስ ሳላውቅ ነው፤ ዲልሙሮድም ገና ይቀረዋል ሲሉ ነበር የምሰማው። ይሄ ሁሉ ግን ሰበብ ነው። ቅናት ጆሮዬን ደፍኖት ነው።

አባቴ ብቻ አልሳቁም። የተበላሸውን ቢላዋ እንደያዙ ወደ ዲልሙሮድ ዞሩ። ሳቁ ቆመ። ኡስታዎች ፊት ብረት ያበላሸ ልጅ ያለ ምርቃት ሊመለስ ይችላል፤ ያ ደግሞ በከተማው ሁሉ ይወራል።

«ከእሳቱ እስከ ዘይቱ መሐል ዓይንህ የት ነበር?»

«ሳኖባርን አየሁ፣ ኡስታ።»

«በሩ ድንገት ስለተከፈተ ደንግጠህ ነው?» አሉት። ማምለጫ እየሰጡት ነበር፤ ሁላችንም ገብቶናል። አዎ ቢል ጥፋቱ የበሩ ይሆናል፣ የእኔ ይሆናል።

ዲልሙሮድ ጉጠቱን አስቀመጠ። ጆሮው ቀልቷል፤ ድምፁ ግን አልተንቀጠቀጠም።

«አይደለም፣ ኡስታ። በር እየተከፈተ ስንቴ ሠርቻለሁ። እሷ መሆኗን ሳይ ነው እጄ የቆመው። ይህን በረት የጠረግኩት፣ ይህን እሳት ያነደድኩት ለእሷ ነው። ዛሬ ምርቃትዎን ከተቀበልኩ ነገ እናቴ ዳቦ ይዛ ደጅዎ ልትመጣ ነበር። የሐብሐብ ሻጭ ልጅ መሆኔን አውቃለሁ። ቢሆንም ብረቱን ያበላሸው በሩ ነው ብዬ አልዋሽዎትም።»

ካሞላ ስልኳን ዝቅ አደረገች። ፊቷን አየሁት። እመኑኝ፣ ደንበኛ ብቻ የሆነች ሴት እንደዚያ አትገረጣም! ለካ በከንቱ አልነበረም የቀናሁት። እንባዬ እየወረደ እንኳ ይህን ልብ አልኩ።

አንድ ቃል ልናገር አፌን ስከፍት አክስቴ ሆልቢቢ እያለከለኩ በሩ ላይ ደረሱ።

«ሳኖባር! እናትሽ ነይ ትልሻለች! እትዬ ማስቱራ ዳቦውን ልትቆርስ ነው!»

ዲልሙሮድ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። «የማን ዳቦ?»

ዓይኔን ወደ ገንዳው መለስኩ።

«የማን ዳቦ ነው የሚቆረሰው፣ ሳኖባር?»

«የእኔ።»

«ከማን ጋር?»

«ከናማንጋኑ…»

«ከባለ ጎማው?» አለ። ፊቱ አመድ መሰለ፣ ጡንቻው ተወጠረ። «ልነግርሽ ሁለት ጊዜ መጣሁ። የለችም አሉኝ።»

«ነበርኩ።»

«አውቃለሁ። ጫማሽ ደጅ ላይ ነበር።»

ጫማዬን እያየ፣ መኖሬን እያወቀ፣ ሳያሳጣኝ ነው የተመለሰው። እንዲህም ሆኖ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ዓይኑ ውስጥ ያን የናማንጋን ልጅ አንቆ ሊገድል የሚፈልግ ቅናት ሳይ ደስ አለኝ። እንደኔ ቀና! እንደኔ አረረ!

አባቴ ቢላዋውን መስፉ ላይ ጣሉት። «ብረት እንኳ ዳግም ይሞቃል» አሉ። «ከሰል ጨምርበት፣ አንተ። እኛ እንጠብቃለን። ሳኖባር!»

«አቤት፣ አባባ።»

«ሂጂ።»

«ምን ብዬ?»

«እኔ ምን አውቄ! የጠራሻቸው አንቺ ነሽ፤ አንቺው ንገሪያቸው። የተቆረሰ ዳቦ እንደሆነ ዳግም አይሞቅልሽም።»

መቀነቱን እጃቸው ላይ ወርውሬ ሮጥኩ። በሕይወቴ እንደዚያ የፈራሁበት ቀን የለም።

*

ስገባ ጥልፍ ጨርቁ ተነሥቷል። እትዬ ማስቱራ ሁለቱንም እጃቸውን ዳቦው ላይ አድርገው «ቢስሚላህ» ብለዋል። አውራ ጣታቸው ዳቦው ውስጥ ሊገባ ነው።

«አይቁረሱት!» ብዬ ጮህኩ። ማዕዱ ዳር ተንበረከክሁ። «እትዬ ማስቱራ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ አይቁረሱት!»

እናቴ «ወይኔ ልጄ! ወይኔ ውርደቴ!» ብላ ፊቷን ሸፈነች። ከእትዬ ማስቱራ ጋር የመጡት ሴቶች የሻይ ስኒያቸውን እንደያዙ ደረቁ።

እትዬ ማስቱራ እጃቸውን አላነሡም። «ሰው አለሽ?»

«አለኝ።»

«ታዲያ ለምን ጠራሽን?»

«ሌላ ሴት የወደደ መስሎኝ። በእልህ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የእናቴም የአባቴም አይደለም።»

«ይህ ሰው ምን አለው?»

«አንድ የላም በረት» አልኩ። ሌላ ምን እንዳለው አሰብኩ። «እና ሞረድ የነከሰው ቢላዋ።»

ከሴቶቹ አንዷ ሳቀች። እትዬ ማስቱራ ግን አልሳቁም፤ እሳቸውም የቹስት ተወላጅ ናቸው። «ማነው ያበላሸው?»

«እኔ። ሊነክረው ሲል ገባሁ። አየኝ፤ እጁ ቆመ። በኡስታዎቹ ፊት በሩ ነው ያስደነገጠኝ ማለት ይችል ነበር። አላለም። ሳኖባርን አየሁ አለ።»

እትዬ ማስቱራ እጃቸውን ከዳቦው ላይ አንሥተው፣ ጨርቁን መልሰው፣ አራቱንም ጫፍ አጣጥፈው ሙሉውን ዳቦ ወደ እናቴ ገፉት።

«ተዋርጃለሁ» አሉ። «አልዋሽሽም፣ ልጄ፤ ከናማንጋን ድረስ መጥቼ ተዋርጃለሁ። ዛሬ ሻያችሁን አልጨርስም።» ተነሡ። ጫማቸውን እያጠለቁ በሩ ላይ ቆሙና ሳይዞሩ ተናገሩ። «የእኔንም ልጅ አላህ ሰው ቢያደርገውና እንዲህ ጮኻ የምትሮጥለት አንዲት ባገኝለት! በዚያ ልጅ እናት ቀናሁ።»

እጃቸውን ሳምኩ፤ አልከለከሉኝም። መኪናቸው እስኪርቅ ቆሜ አለቀስኩ። ከዚያ እንባዬን በእጅጌዬ ጠረግኩና ተነሣሁ።

«ደግሞ ወዴት ነው?» አለች እናቴ።

«ሁለተኛውን ሊነክር ነው!»

«ታዲያ አንቺ ምን ቤት ነሽ? እስካሁን ያበላሸሽው አይበቃም?»

«ካሞላ እዚያው ናታ!» አልኳት። ሁለተኛውን ሲነክር እሷ ቆማ ልታይ? እኔ በቁሜ?

በዚህኛው ዙር በሩን በቀስታ ከፍቼ በቀስታ ዘጋሁት። ካሞላን አልፌያት ሄድኩ፤ ሰላም አላልኳትም፣ አልገፈተርኳትም፤ ሁለቱም ለእኔ ትልቅ ጨዋነት ነው። ከዘይት ገንዳው ማዶ፣ ከዲልሙሮድ ፊት ለፊት ቆምኩ። ሊያየኝ ከፈለገ መዞር አያስፈልገውም። ወደ እኔ ሳይሆን ወደ አባቴ አየ። አባቴ ጎኔ ላይ የዳቦ ጨርቅ ይፈልጉ ይመስል አጮልቀው አዩኝ። «አልተቆረሰም» አልኳቸው። ጢማቸውን ዳሰሱ። ስለ ሐብሐብ አንድም ቃል አልወጣቸውም፤ «ማራገቢያውን ጨምር» ብቻ አሉ።

ቢላዋው ቀላ። ዲልሙሮድ መዘዘው። ፊት ለፊቱ ነኝ፣ ፀጉሬ ተበታትኗል፣ ዓይኔ አብጧል፣ ለእሱ ስል ናማንጋንን ሙሉ አስቀይሜ መጥቻለሁ። እሱ ግን ዓይኑን ከብረቱ አልነቀለም። ቀለሙን እንደ ሕፃን ፊት አተኩሮ አየ፣ ቀጥ አድርጎ ወደ ዘይቱ ሰደደው። ዘይቱ ቸሰሰ፣ ጭሱ እኔና እሱን ጋረደን። አባቴ ሞረዳቸውን ሲያሳርፉበት ሞረዱ ተንሸራተተ። እንደገና ሞከሩት፤ እንደገና ተንሸራተተ። አዛውንቶቹ እጃቸውን ዘረጉ፣ አባቴ ካባውን ደርበውለት፣ መቀነቱን ወገቡ ላይ አስረው መረቁት፤ ከግቢው ሆታው ቀለጠ።

ሁሉም ደስ ብሎታል። እኔ ግን አንዴ፣ አንዴ ብቻ ቀና ብሎ እንዲያየኝ የሚያደርገው ነገር አጥቼ ከንፈሬን ነክሼ ቆሜአለሁ። ለዚያ ለቀላ ብረት ያሳየውን ዓይን አይቻለሁ። እሱን ሥራው ቀናው፤ እኔ በብረቱ ቀናሁ።